የክት

ሟቹ ኤርሜተ ነበረችው ቀይ መኪና፣
ዓመት ሙሉ ከሸራ ሥር የምታድር በጽሞና።
በፋሲካ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሸራዋን ይገልጣል፣
አደባባዩን አንድ ጊዜ ይዞራል፣
ጎማዋን በፎጣ አድርቆ፣ መልሶ ይቆልፋል።
ሠላሳ ዓመት ነዳት፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር።
ቦሎኛን እንኳ አላየችም፣ እዚህ ቅርብ፣ ቪኞላ ስትኖር።
እኔ ጓልቲዬሮ፣ መካኒኩ፣ ለዚህ ነኝ ምስክር፤
በየዓመቱ ዘይቷን ስቀይር
የወጣው ከገባው አይለይም ነበር።

ሰውየው ሞተ። ቁልፉ ለልጁ ለኦርኔላ ደረሰ፤
ያን ሰሞን የራሷ ፊያት ሞተሩ ፈረሰ።
አዋላጅ ናት፤ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ትገባለች፣
ሃምሳ ዓመቷ፣ ያላገባች፣
ከተማው በሹክሹክታ «ቆማ ቀረች» የሚላት ነች።
መጣች ጋራዤ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለች፦
«ጓልቲዬሮ፣ ለሥራ ልነዳት ነው» አለች።
«ለሥራ?»
          «ለሥራ። ለገበያ። ለሁሉም።»
«እመቤቴ፣ ይቺ እኮ የክት ናት፤ ለዘወትር አትሆንም።»

ቆጠርኩላት፣ ቅባት የነካው ጣቴን እያጠፍኩ፦
ሆዷ ከመሬት አራት ጣት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ጉብታ ይፍቃታል አልኩ።
ክላቿ በመኪና ሰልፍ ይቃጠላል፤ ዋጋው የስድስት ወር ደመወዝሽ።
ዕቃ ማስቀመጫዋ ባርኔጣ ቢይዝ ነው፤ ሽንኩርቱን የት ታኖሪዋለሽ?
የሚላኑ ሰብሳቢ፣ ሲኞር ፎርናሳሪ፣ ደወለ፦
«በነዳሻት ቁጥር ዋጋዋ ይወርዳል፣ እባክሽ ተይ» አለ።
ባለ ዳቦ ቤቷም፣ ቄሱም፣ የአባቷ ጓደኞችም
ካርታ ሲጫወቱ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

እሷ ግን አንድ ቀን ሁላችንንም ዘጋች፦
«አባቴ ዋጋዋን ሲጠብቅ ሞተ። ማንን ጠቀመች?
እኔን ‹ቆማ ቀረች› ብላችሁ በጀርባዬ ትስቃላችሁ፤
እሷን ግን ‹ትቁም› ትላላችሁ።
መቆም ነውር ነው ወይስ ክብር? አንዱን ምረጡ፣ እባካችሁ።»

ነዳቻት።

የኅዳር ጭጋግ መንገዱን፣ አጥሩን፣ ዛፉን ሲውጠው፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድምጿ መስኮቱን ሲያናውጠው፣
«አንድ ሰው ሊወለድ ነው» ማለት ጀመርን ከየአልጋችን፤
አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሆነ ደወላችን።

ጉብታውም ፋቃት፣ እንዳልኩት። ክላቿም ተቃጠለ፣ እንዳልኩት።
ትንቢቴ ሁሉ ደረሰ፤ ደስ ግን አላለኝም ባየሁት።
በመጋቢት በክሪክ አንሥቼ ሆዷን ስመረምር
ጭረት፣ ጭቃ፣ የጨው ዝገት፤ ከመቀመጫዋም ሥር
የሽንኩርት ልጣጭ፣ አንድ የሕፃን ካልሲ፣ የወይራ ፍሬ ጠጠር።
ሞተሯን ግን ሳስነሣው፣ ጉሮሮዋ ጠርቷል!
ድሮ በፋሲካ ስትስል፣ ስታስነጥስ ነበር የምናውቃት፤
አሁን ድምጿ ከሆዷ ይወጣል።
ጎሚኒዎቿ ለስልሰዋል፤ ዘይቱም ጠቁሮ ወጣ፤
ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ጥቁር ዘይት መጣ።

የክላቹን ሒሳብ ስጽፍላት እጄ ተንቀጠቀጠ፤
አየችው፤ ፊቷ ትንሽ ገረጣ፣ ከዚያ ተለወጠ፦
«በአሥራ ስምንት ወር እከፍላለሁ፤ በሰኔ ቼሪ እጨምራለሁ።
ተሳስቼ ይሆን?» አለች። እኔ ምን እላለሁ?
«በገንዘብ፣ አዎ» አልኳት። መፍቻዬን አነሣሁ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ቁም ሣጥኔን ከፈትኩ፤
ከሠርጌ ወዲህ ሁለቴ የለበስኩትን ጥቁር ሱፍ አወረድኩ።
ብል አልነካውም፤ ክሩ እንኳ አልሳሳም፤
ቁልፉ ግን ሆዴ ላይ አልደርስ አለ፣ ትንፋሼን ብስብም።
የክት እንዲህ ነው፤ እሱ አዲስ ሆኖ ሲጠብቅ፣ ባለቤቱ ያረጃል።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሳልቆልፈው፣ ለብሼው ጋራዥ ገባሁ።
ኦርኔላ አይታኝ ሳቀች።
እጅጌውን ቅባት ነካው። ተውኩት።